ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ድራይቨሩን ፈልጉ

(በቱሉ ዲምቱ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች፣ ለኢንተርኔት ቤት ባለቤቶችና ለጥገና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኮዬ ፈጨ፣ ከቂሊንጦና ከአቃቂ ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የታክሲ ሰልፍ ታግሶ ስለ ኔትወርክ ካርድ ለመስማት የሚመጣ ሰው ከምስጋና ይልቅ የሚፈልገው ተናጋሪው ቶሎ ወደ ቁም ነገሩ እንዲገባ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችን መጀመሪያ ካርዱን እንገዛለን፤ ከዚያ በኋላ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ፍለጋ እንወጣለን። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ታማኝ ድራይቨር ያለውን ቺፕ ለዩ፤ ቀጥሎ ያንን ቺፕ የተሸከመውን ካርድ ግዙ።

ጉዳዩ አሁን ለምን አንገበገበን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በየትምህርት ቤቱና በየኢንተርኔት ቤቱ ከምናያቸው ያገለገሉ ማሽኖች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ውሰዱ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ነው። (ዴል በ2023 ይህንኑ 7010 የሚል ቁጥር ፈጽሞ ለተለየ አዲስ ማሽን ሰጥቶታል። ስም ማመን የማይበጀው ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።) ማሽኑ አልሞተም፤ ሰነድ ይጽፋል፣ ተማሪ ያስተምራል። ስለዚህ ሰው ሊኑክስ ወደሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ወደ ዓይነቶቹ ወደ ኡቡንቱ፣ ወደ ሚንት፣ ወደ ዴቢያን እየተሻገረ ነው። ሲሻገር ስክሪኑ ይበራል፣ ኪቦርዱ ይጽፋል፣ ድምፁም ይሰማል። ኔትወርኩ ግን አንዳንድ ጊዜ የለም። ይህ ከሌላው ጉድለት ሁሉ የከፋ ነው። የድምፅ ድራይቨር ቢጎድል ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ የኢንተርኔቱ ድራይቨር ሲጎድል ከየት ይወርዳል?

ድራይቨር ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ የሚታመነውን ከማይታመነው መለየት አንችልም። ካርዱ በኬብሉ የመጣውን መረጃ ተቀብሎ አስቀድሞ በተዘጋጀለት የሜሞሪ ቦታ ላይ ያኖራል፤ ከዚያ "መጥቷል" ብሎ ፕሮሰሰሩን ይጠራል። ቦታውን የሚያዘጋጀው፣ ጥሪውን የሚሰማው፣ የመጣውን አንስቶ ባዶውን ቦታ ለካርዱ የሚመልሰው ድራይቨሩ ነው። በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር፣ የሚተላለፉት ትልልቅ ጥቅሎች (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው) ብቻ ቢሆኑ እንኳ፣ በሰከንድ ወደ 81 ሺህ ጥቅል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በከርነሉ ውስጥ፣ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። የጽሑፍ ፕሮግራም ቢሳሳት መስኮቱ ይዘጋል። ድራይቨር ሲሳሳት ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ከዚህም የሚከፋው፣ ሳያሳውቅ መረጃ ሊያበላሽ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ርካሽ ካርድ ላውራችሁ፤ ሪልቴክ 8139 ይባላል። ዕድሜያችሁ ከፍ ያላችሁ በሥራ ላይ አይታችሁታል፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ በየቦታው የነበረ ካርድ ነው። አሠራሩ በእውነት ደካማ ነው። የሚቀበለውን ጥቅል ሁሉ በአንድ ተከታታይ የሜሞሪ ቦታ ላይ ያፈስሰዋል፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ጥቅል ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። ለሚልከው ደግሞ ያለው አራት መደርደሪያ ብቻ ነው። ፍሪቢኤስዲ ለተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ድራይቨሩን የጻፈው መሐንዲስ በኮዱ መግቢያ ላይ፣ እስካሁን ከተሠሩት ካርዶች ሁሉ ሳይከፋ አይቀርም ብሎ ጽፎበታል፤ ብስጭቱን ያልደበቀ ሰው ነው። በሊኑክስ በኩል መሠረቱን የጣለው ዶናልድ ቤከር ነበር። ቤከር በናሳ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1994 ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር ተራ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አያይዞ ቤውልፍ የተባለውን ክላስተር የሠራ ሰው ነው። ያ ክላስተር ከገበያ በሚገኝ ርካሽ ካርድ እንዲሠራ ድራይቨር ያስፈልግ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት የሊኑክስ የኢተርኔት ድራይቨሮች ብዙዎቹን የጻፈው እርሱ ነው። የ8139ኙን ሥራ ሌሎች ተረከቡት፣ አሻሻሉት፤ ዛሬም ከከርነሉ ጋር ይመጣል። ሰኩት፣ ይሠራል። ደካማ ሃርድዌር ነው፤ ግን ድክመቱ በግልጽ ተጽፎ፣ በብዙ ዓይን ታይቶ፣ ለእያንዳንዱ ድክመት መላ ተበጅቶለታል። እኔ በአንድ በኩል ጠባዩ ያልታወቀ ውድ ካርድ፣ በሌላ በኩል ጠባዩ የታወቀ ርካሽ ካርድ ቢቀርብልኝ ያለ ማመንታት ርካሹን አነሣለሁ።

ከዚህ ተነሥታችሁ "እንግዲያው ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም የሚታይ) ይሁን እንጂ ሌላው ችግር የለውም" እንዳትሉ። የቀበሌ ቦኖ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጎማውን የሚቀይር ሰው ከሌለ ግን ክፍት መሆኑ ብቻ ውኃ አያመጣም። አንዳንድ ቺፕ ሠሪዎች የድራይቨራቸውን ኮድ በአንድ ዚፕ ፋይል ያወጡና ዞር ብለው አያዩትም። ኮዱ ክፍት ነው፤ ግን የተጻፈው የዛሬ ስንት ዓመት ለነበረ ከርነል ነው። የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ከውስጥ ክፍሎቹ ጋር የሚያገናኘውን በይነ ገጽ እንዳለ ለማቆየት ቃል አይገባም፤ የተሻለ መንገድ ሲገኝ ይለውጠዋል። ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚኖር ድራይቨር በዚህ አይጎዳም፤ ምክንያቱም በይነ ገጹን የለወጠው ሰው በከርነሉ ውስጥ በዚያ የሚጠቀሙትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ ማስተካከል ግዴታው ነው። ከከርነሉ ውጭ የሚኖረውን ድራይቨር ግን ማንም አያስብለትም። ዲኬኤምኤስ የሚባል፣ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር የውጭ ድራይቨሮችን እንደገና የሚገነባ መሣሪያ አለ፤ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ኮዱ ካረጀ ዲኬኤምኤስም ሊገነባው ስለማይችል፣ ማታ ሲያድስ ያደረ ማሽን ጠዋት ያለ ኔትወርክ ይነሣል። ጠዋት ደግሞ ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ኮዱ ክፍት ነው ወይ?" ሳይሆን "ከከርነሉ ጋር አብሮ ይኖራል ወይ?" ነው። ሁለተኛው "ማን ይንከባከበዋል?" የሚለው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። መልሱ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። በከርነሉ ኮድ አናት ላይ ሜይንቴይነርስ የሚባል ፋይል አለ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ተንከባካቢ ማን እንደሆነና ሁኔታው እንዴት እንደሆነ ይናገራል። አንዳንዱ ክፍል ደመወዝ እየተከፈለው የሚከታተለው ሰው አለው። አንዳንዱ በበጎ ፈቃድ የሚንከባከበው አለው። አንዳንዱ ባለቤት ቢኖረውም፣ ባለቤቱ ጊዜ ሲያገኝ አልፎ አልፎ ብቻ ያየዋል። አንዳንዱ ጭራሽ ወላጅ አልባ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሐቀኛ መዝገብ በንግዱ ሶፍትዌር ዓለም የት ይገኛል? ካርድ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢያነበው ብዙ ብር ያድናል።

በክፍት ድራይቨር ታሪክ ውስጥ ከባዱ ምዕራፍ የዋይፋይ ነበር። ብሮድኮም የተባለው ቺፕ ሠሪ ለዋይፋይ ቺፖቹ ለሊኑክስ ክፍት ድራይቨርም ሰነድም አልሰጠም ነበር። በጎ ፈቃደኞች በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ዝጉን ድራይቨር መርምሮ ቺፑ እንዴት እንደሚታዘዝ በጽሑፍ አሰፈረ፣ ሌላው ቡድን ዝጉን ኮድ ሳያይ ያንን ጽሑፍ ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ገልብጣችኋል ተብለው እንዳይከሰሱ ነው እንዲህ የተጠነቀቁት። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ከርነሉ ገባ፤ ብሮድኮም ራሱ ለአዳዲሶቹ ቺፖች ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው። ሌላው ቺፕ ሠሪ አቴሮስ በ2008 በራሱ ፈቃድ ክፍት ድራይቨር አወጣ፤ ስለዚህም ነው የድሮ አቴሮስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሲጫንበት ብዙ የማያስቸግረው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አትዘንጉ። ድራይቨሩ ክፍት ሆኖ ካርዱ ውስጥ የሚጫነው ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ዝግ ሊሆን ይችላል። የኢንቴል ዋይፋይ ካርዶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ ድራይቨራቸው በከርነሉ ውስጥ አለ፣ ፈርምዌራቸው ግን ለብቻው የሚመጣ ዝግ ፋይል ነው። ዴቢያን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ዓይነቱን ፋይል ከመጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ስለነበር ብዙ ሰው "ዴቢያን ዋይፋዬን አያውቅም" ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 በመጫኛው ውስጥ አካቶታል። መርህ አጥባቂዎች ቅር ብሏቸዋል፤ እኔ በበኩሌ አልተከፋሁም።

ስም ማመን አይበጅም ብያለሁ። ቲፒ-ሊንክ 722ኤን የሚባለውን የዩኤስቢ ዋይፋይ እዩ። የመጀመሪያው ዕትም የተሸከመው አቴሮስ 9271 ቺፕ ነው፤ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፣ ፈርምዌሩ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ክፍት ሆኗል። ከሁለተኛው ዕትም ጀምሮ ግን በዚያው ስም ውስጥ የገባው የሪልቴክ ቺፕ ነው፤ ጠባዩም ድራይቨሩም ሌላ ነው። የዓመታት ምስጋና አንብቦ የገዛ ሰው የሚያገኘው የተመሰገነውን አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትተን ቺፑን ራሱን ብንጠይቅ ይሻላል፤ ቺፑም ይመልሳል። ሊኑክስ በተነሣበት ማሽን ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ኤንኤንኬ ጨምራችሁ ጻፉ (lspci -nnk)፤ በዩኤስቢ ለሚሰካ ደግሞ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) በሉ። በሁለት ነጥብ የተከፈለ ቁጥር ታያላችሁ፤ የፊተኛው የሠሪው፣ የኋለኛው የቺፑ ነው። ለፒሲአይ ካርድ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ለሚሰካው፣ 8086 ኢንቴል ነው። የዝነኛውን ፕሮሰሰራቸውን ቁጥር ነው ለራሳቸው የወሰዱት፤ መሐንዲስም አንዳንዴ ይቀልዳል። 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ ናቸው። የፒሲአዩ ትእዛዝ ከሥር አሁን በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር ስምም ይነግራችኋል። ያ መስመር ከሌለ ካርዱን የሚነዳው የለም ማለት ነው።

ይህን ለማየት ሊኑክስን ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልግም። ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ወደ ሻጩ ሂዱ፤ ካርዱን በእርሱ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ከፍላሹ አስነሡት። ሻጩ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ያጥቁር። የማያስሞክር ሻጭ ካለ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ካርዱ መታወቁ ግን ታማኝነቱን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ሲደክም ማየት ነው። በሁለት ማሽን ላይ አይፐርፍ 3 (iperf3) የሚባለውን የኔትወርክ መፈተኛ ፕሮግራም ጭናችሁ በመካከላቸው መረጃ ለረጅም ጊዜ አስተላልፉ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም። እየሠራ ሳለ ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩት። ማሽኑን አስተኝታችሁ ቀስቅሱት፤ ብዙ ድራይቨር የሚወድቀው በዚህ ነው። ከዚያ ዲሜሰጅ (dmesg) በሚለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ አንብቡ። ኔትዴቭ ዋችዶግ (NETDEV WATCHDOG) የሚል ቃል ካያችሁ፣ ካርዱ የተሰጠውን ጥቅል ሳይልክ ዝም ብሏል፣ ከርነሉም ታዝቦታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሊታለፍ ይችላል፤ ከተደጋገመ ግን ካርዱን ለኮምፒውተር ክፍል አትውሰዱት።

ደግሞ ድራይቨሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ኬብሉን ተመልከቱ። ጊጋቢት ኢተርኔት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃል። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተጎትቶ፣ በር ተዘግቶበት፣ ከአንዱ ጥንድ አንድ ሽቦ የተበጠሰበት ኬብል ጊጋቢቱን ካርድ ወደ 100 ያወርደዋል፤ ባለቤቱ ግን ድራይቨር ሲቀይር ይውላል። ኢትቱል (ethtool) የሚለው ትእዛዝ ካርዱና ከወዲያ ያለው መሣሪያ የተስማሙበትን ፍጥነት በግልጽ ያሳያል።

ምርጫዬን ልትጠይቁኝ ስለሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በኬብል ለሚሠራ፣ ከኢንቴል ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር የሚነዱትን እወዳለሁ፤ የ2012ቱ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ማዘርቦርድ ላይ ያለው 82579 ከእነርሱ አንዱ ነው። የሪልቴክ 8168 ከሆነባችሁም አትደንግጡ፤ ከከርነሉ ጋር የሚመጣው አር8169 ይነዳዋል። ብዙ መመሪያ ከሠሪው የሚገኘውን አር8168 ጫኑ ይላል። እኔ መጀመሪያ በከርነሉ ያለውን በደንብ ፈትኑ እላለሁ፤ ችግሩ አንዳንድ ጊዜ የኃይል ቁጠባው ቅንብር ነው፣ እሱን ማጥፋት ይበቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መጫን ግን ለአንድ ካርድ ሁለት ጌታ ማቆም ነው።

ኢንቴልም ቢሆን ከፈተና ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የከርነሉ 2.6.27 የሙከራ ዕትሞች ላይ በኢ1000ኢ የሚነዱ ካርዶች የውስጥ ማስታወሻቸው እየተበላሸ ከጥቅም ውጭ ይሆኑ ጀመር። ሁሉም ድራይቨሩን ጠረጠረ። ሲመረመር ግን ጥፋተኛው ሌላ ነበር። የከርነሉን እንቅስቃሴ የሚከታተል አንድ አዲስ መሣሪያ፣ ቀድሞ የድራይቨሮች ማስጀመሪያ ኮድ ይኖርበት ወደነበረ የሜሞሪ አድራሻ ዘግይቶ ይጽፍ ነበር፤ ያ አድራሻ ግን በዚህ መሀል ለካርዱ ማስታወሻ ተሰጥቷል። ኮዱ ክፍት ባይሆን የካርዱ ሠሪና የከርነሉ ሰዎች እርስ በርስ እየተካሰሱ ዓመት ሊያልፍ ይችል ነበር። ክፍት ስለነበር በሳምንታት ውስጥ ተደረሰበት፤ መከላከያውም ከዋናው ዕትም በፊት ገባ። ከዚህ ታሪክ የምትወስዱት ሌላም ነገር አለ፤ በኮምፒውተር ክፍል ማሽን ላይ የሙከራ ከርነል አትጫኑ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንቀበል።

አንዲት መምህርት ኔትወርኩ ጭራሽ በሌለበት ማሽን ላይ ድራይቨር እንዴት እንደሚወርድ ጠየቁ። መምህርት፣ አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ያያይዙና በስልኩ ቅንብር ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ እንዲያጋራ ያድርጉ። ሊኑክስ ለዚህ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ኬብሉ ግን መረጃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል በገበያ ሞልቷል። ደግሞም ማሽኑ ኢንተርኔት እንዳገኘ ዝመና ማውረድ ሊጀምር ስለሚችል፣ የገዙትን የዳታ ጥቅል እንዳይጨርስብዎ ያንን አስቀድመው ያስቁሙ።

አንድ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ የዊንዶውሱን ድራይቨር ሊኑክስ ላይ የሚያሠራ ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ አለ። አለ፤ ኤንዲአይኤስራፐር ይባላል። ክፍት ድራይቨር ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሰው አሻግሯል። ዛሬ ግን አልመክርህም። ለሌላ ቤት የተጻፈ ዝግ ኮድ በከርነልህ ውስጥ ታስገባለህ፤ ሲወድቅ የሚረዳህ አታገኝም፣ የከርነሉ ሰዎችም እንዲህ ካለ ማሽን የመጣ አቤቱታ አያዩም።

ከኋላ የተቀመጡት አባት ደግሞ፣ "ካርዶቹን ለአሥር ማሽን ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ አንዱም አይሠራም፤ አሁን ምን ላድርግ?" ብለዋል። ጋሼ፣ መጀመሪያ የቺፑን ቁጥር ያውጡልኝ። ድራይቨሩ በአዲስ ከርነል ውስጥ ገብቶ ከሆነ የሊኑክሱን ዕትም ማደስ ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ የሪልቴክ ዋይፋይ ቺፖች ብዙዎቹ እንዲህ በዘገየ ጊዜ ነው የገቡት። ካልገባና ውጭ ያለውም ኮድ ተንከባካቢ የሌለው ከሆነ፣ ካርዶቹ ላይ የቺፑን ቁጥር በማርከር ጽፈው ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው ይሽጧቸው። ማሽኖቹ በማዘርቦርዳቸው ላይ የኬብል መሰኪያ ካላቸው ደግሞ ምናልባት አዲስ ካርድም አያስፈልግዎትም፤ አንድ ስዊችና አሥር ኬብል ይግዙ። ከስብሰባው በኋላ ይጠብቁኝ፣ ፍላሹ በእጄ ነው፤ አንዱን ማሽን አብረን እናየዋለን።